ደም ቅዳ የእቃ ማጠቢያ ቧንቧ አይደለም

ተረት፦ «ቅባት ሲበዛ ደም ሥር እንደ ቧንቧ ይደፈናል።»

እውነታ፦ ምስሉ ለማስረዳት ስለሚመች ሐኪሞችም ሳይቀሩ ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ቧንቧ አይቆጣም፤ የደም ቅዳ ግድግዳ ደግሞ ሕይወት ያለው ሥጋ ነው። ኮሌስትሮል የሚሸከመው ኤልዲኤል በውስጠኛው ስስ ሽፋን ሾልኮ ግድግዳው ውስጥ ሲጠራቀምና ሲበላሽ፣ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ነጭ የደም ሴሎችን ይልክበታል። ሴሎቹ ስቡን እየዋጡ ያብጣሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አረፋ ስለሚመስሉ ስማቸውም «የአረፋ ሴሎች» ሆኗል። ብዙዎቹ እዚያው ይሞታሉ፤ ሬሳቸው ሌሎችን ይጠራል። «ቁስሉ ተቆጣ» እንደምንለው ያለ ነገር፣ መግልም ትኩሳትም ሳያሳይ፣ ለዓመታት ይቀጥላል። ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን የሚሉት ይህን ነው። ሐሳቡ የትናንት አይደለም፤ ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኮው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጽፎበታል።

ተረት፦ «ደም ሥሩ በጣም ካልጠበበ ስጋት የለም።»

እውነታ፦ ብዙ ጊዜ ሃርት አታክ የሚነሳው ግማሽ እንኳ ካልጠበበ ቦታ ነው። የስቡን ክምችት ከደሙ የሚለየው ክዳን አለ። የተቆጡት ሴሎች የሚያመነጩት ኢንዛይም ይህን ክዳን እየበላ ያሳሳዋል። የተቀደደ ዕለት የውስጡ ነገር ከደም ጋር ይገናኛል፣ ደሙ ይረጋል፣ መንገዱ በደቂቃዎች ይዘጋል። ባለፈው ሳምንት ደረቱን ሳያመው ዳገት የወጣ ሰው ዛሬ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ተረት፦ «እንግዲያው ኮሌስትሮል ነጻ ነው።»

እውነታ፦ ይህን የምሰማው በተለይ ከተማሩት ነው። መጀመሪያ ግድግዳውን የሚያስቆጣው ያው ኤልዲኤል ነው፤ ሲጋራ፣ የደም ግፊትና ስኳር እሳቱን ያራግባሉ። ቁጣው ራሱን የቻለ ጉዳት እንዳለው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በግልጽ ታየ። ሃርት አታክ ያጋጠማቸውና ቁጣን የሚጠቁመው ሲአርፒ የተባለው የደም ምርመራቸው ከፍ ያለ 10 ሺህ ያህል ሰዎች በተሳተፉበት ካንቶስ በተባለው ጥናት፣ ካናኪኑማብ የተባለው ቁጣን የሚያበርድ መርፌ ኤልዲኤልን ሳይቀንስ፣ መካከለኛውን መጠን በወሰዱት ላይ ሃርት አታክን፣ ስትሮክንና በልብ ሕመም መሞትን በድምሩ 15 በመቶ ቀንሷል። ዋጋም አስከፍሏል፤ ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽን ጨመረ።

ተረት፦ «ቁጣ ከሆነማ ማስታገሻ መዋጥ ነው።»

እውነታ፦ አደገኛው ይህኛው ነው። ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገኙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሃርት አታክን ዕድል ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም። ለልብ ሕመምተኛ የሚታዘዘው አነስተኛ አስፒሪንም በዋናነት የሚሠራው ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች እንዳይጣበቁ በማድረግ ነው። ለሪህ የሚታዘዘው ኮልቺሲን ተስፋ ሰጥቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት የልብና የደም ሥር አደጋን 23 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቶ፣ አሜሪካ በ2023 ለዚሁ ፈቀደችው። በ2024 የወጣው 7 ሺህ ያህል ሕመምተኞችን የያዘ ጥናት ግን ጥቅም አላገኘበትም። ክርክሩ አልተዘጋም።

የልብ ሕመም ኖሮብዎት ለወገብ ወይም ለጉልበት ዳይክሎፌናክ የሚያዘወትሩ ከሆነ፣ እስከ ቀጠሮዎ ሳይጠብቁ ለሐኪምዎ ይንገሩ።