ከአንድሮይድ እና ከአይኦኤስ ውጭ፦ ሀገራት የራሳቸውን የስልክ ስርዓተ ክወና ለምን ይሻሉ?

ተንቀሳቃሽ ስልክ ዛሬ ድምፅ ከማስተላለፍ ያለፈ አገልግሎት አለው። የእህል ዋጋ ይጠየቅበታል፤ ገንዘብ ይላክበታል፤ የአየር ጠባይ ትንበያ ይታይበታል፤ የመንግሥት አገልግሎት ይገኝበታል። ይህን ሁሉ የሚያስችለው በስልኩ ውስጥ ያለ፣ በዓይን የማይታይ ሶፍትዌር ነው፤ ስርዓተ ክወና ወይም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል።

በዓለም ላይ ያሉ ስማርት ስልኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሠሩት በሁለት ስርዓቶች ነው። አንደኛው የጎግል አንድሮይድ፣ ሁለተኛው የአፕል አይኦኤስ ነው። ከአሥር ስልኮች ሰባቱ ያህል አንድሮይድን ይጠቀማሉ። የሁለቱም ባለቤቶች የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው። ኩባንያዎቹ ወይም የሀገራቸው መንግሥት አንድ ቀን አገልግሎቱን ቢከለክሉስ? ይህ ጥያቄ ላለፉት ዓመታት በርካታ መንግሥታትን ሲያሳስብ ቆይቷል። ቻይና፣ ሩሲያ እና ሕንድም የየራሳቸውን መልስ ለመስጠት ሞክረዋል።

ስርዓተ ክወና ምን ይሠራል?

ስርዓተ ክወና በስልኩ አካል እና በመተግበሪያዎች መካከል የቆመ አገናኝ ነው። አንድ መተግበሪያ ፎቶ ለማንሳት ሲፈልግ ካሜራውን በቀጥታ አያዝም፤ ስርዓተ ክወናውን ይጠይቃል። ማይክሮፎኑ፣ የተጠቃሚው መገኛ ቦታ፣ የተመዘገቡ ስልክ ቁጥሮች እና የባትሪው አጠቃቀም ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋሉ። ስለዚህ ስርዓቱን የሚቆጣጠር አካል የትኛው መተግበሪያ እንደሚገባ፣ የትኛው እንደሚታገድ እና የደኅንነት ማሻሻያ መቼ እንደሚደርስ የመወሰን ሥልጣን ይኖረዋል።

አንድሮይድ ሁለት ክፍሎች እንዳሉት መገንዘብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መሠረቱ ሲሆን ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው የሚችል ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ሁለተኛው የጎግል የራሱ አገልግሎቶች ናቸው፤ ፕሌይ ስቶር የተሰኘው የመተግበሪያ መደብር፣ ካርታው፣ ዩቲዩብ እና መልእክት ወደ ስልክ የሚያደርሱ የውስጥ አገልግሎቶች በዚህ ይካተታሉ። መሠረቱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አገልግሎቶቹ ግን በጎግል ፈቃድ ብቻ ይገኛሉ። የጥገኝነቱ ምንጭም ይኸው ሁለተኛው ክፍል ነው።

ሁዋዌን ያጋጠመው

እ.አ.አ በግንቦት 2019 የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር የቻይናውን ሁዋዌ ከአሜሪካ ኩባንያዎች ያለ ልዩ ፈቃድ ቴክኖሎጂ እንዳይገዛ በሚከለክለው ዝርዝር ውስጥ አስገባው። አሜሪካ ምክንያቷ የብሔራዊ ደኅንነት ስጋት መሆኑን ገለጸች፤ ኩባንያው ክሱን አስተባበለ። ከዚያ በኋላ የወጡ አዳዲስ የሁዋዌ ስልኮች ፕሌይ ስቶርን እና ሌሎች የጎግል አገልግሎቶችን ሳይዙ ለገበያ ቀረቡ። በቻይና ውስጥ ጎግል ቀድሞውንም ስለማይሠራ ጉዳቱ ቀላል ነበር፤ ከቻይና ውጭ ግን የኩባንያው የስልክ ገበያ ክፉኛ ተመታ።

ሁዋዌ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ሃርሞኒ የተባለ የራሱን ስርዓተ ክወና ይፋ አደረገ። ስርዓቱ መጀመሪያ በቴሌቪዥን ላይ ተጫነ፤ በስልኮች ላይ የዋለው እ.አ.አ በሰኔ 2021 ነው። በወቅቱ የአንድሮይድን ክፍት መሠረት ይጠቀም ስለነበር የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ማስኬድ ይችል ነበር። እ.አ.አ በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው አዲስ ስሪት ግን ይህን ትስስር በጥሶ ለሃርሞኒ ተብለው የተሠሩ መተግበሪያዎችን ብቻ የሚቀበል ሆነ። በወቅቱ ከ15 ሺህ በላይ መተግበሪያዎች እና አገልግሎቶች መዘጋጀታቸውን ኩባንያው አስታውቋል። እ.አ.አ በ2024 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት በቻይና ገበያ ሃርሞኒ ከአፕል አይኦኤስ መብለጡን የገበያ አጥኚ ተቋም የሆነው ካውንተርፖይንት ዘግቧል።

ሶፍትዌር ብቻውን ግን በቂ አልነበረም። አሜሪካ እ.አ.አ በ2020 ክልከላውን በማጥበቋ የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ለሁዋዌ ቺፕ ማምረቱን አቆመ። ኩባንያው እ.አ.አ በነሐሴ 2023 በቻይና ውስጥ የተመረተ ቺፕ ያለው ስልክ እስኪያወጣ ድረስ ዓመታት ወስዶበታል። ሁኔታው በተዋሰው በሬ ከሚያርስ ገበሬ ጋር ይመሳሰላል፤ የበሬው ባለቤት በእርሻ ወቅት በሬውን ከወሰደ፣ የራሱ ሞፈር እና ቀንበር መኖሩ ብቻውን ማሳውን አያሳርስለትም።

የሩሲያ እና የሕንድ መንገድ

ሩሲያ የጀመረችው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የቀድሞ የኖኪያ ባለሙያዎች እ.አ.አ በ2011 በፊንላንድ ያቋቋሙት ጆላ የተባለ ኩባንያ ሴይልፊሽ የተሰኘ ስርዓት ሠርቶ ነበር። ሩሲያ በፈቃድ ወስዳ ያሳደገችው ይህ ስርዓት እ.አ.አ በ2019 አውሮራ የሚል ስያሜ ያዘ። ዋና ተጠቃሚዎቹ የመንግሥት ተቋማት እና ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። እ.አ.አ በ2021 በተካሄደው የሩሲያ ሕዝብ ቆጠራም ቆጣሪዎች አውሮራ የተጫነባቸውን ታብሌቶች ተጠቅመዋል።

ከዩክሬን ጦርነት በኋላ እ.አ.አ በ2022 ማዕቀብ የተጣለባቸው የሩሲያ ባንኮች መተግበሪያዎች ከአፕል እና ከጎግል መደብሮች ተነሡ። በስልክ መክፈልን የለመዱ ደንበኞች መተግበሪያውን እንደ ቀድሞው ማውረድ እና ማደስ ተሳናቸው። በዚያው ዓመት በመንግሥት ድጋፍ ሩስቶር የተባለ ሀገር በቀል የመተግበሪያ መደብር ተከፈተ። የጦርነቱን ፖለቲካ ወደ ጎን ብለን ብናየው እንኳ፣ ክስተቱ የሁለት ኩባንያዎች መደብር በአንድ ሀገር የዕለት ተዕለት ኑሮ ላይ ያለውን ጉልበት አሳይቷል።

በሕንድ ደግሞ በማድራስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ድጋፍ የተመሠረተ አንድ ድርጅት ባሮስ የተባለ ስርዓት ሠርቶ እ.አ.አ በጥር 2023 ሁለት ሚኒስትሮች በተገኙበት አስተዋወቀ። ባሮስ የተገነባው በአንድሮይድ ክፍት መሠረት ላይ ነው። ተጠቃሚው ያልመረጣቸውን መተግበሪያዎች አስቀድሞ አለመጫኑ እንደ ዋና መለያው ቀርቧል። ይሁን እንጂ ያነጣጠረው ጥብቅ ምስጢር በሚጠብቁ ተቋማት ላይ በመሆኑ ተራው ሸማች በገበያ አያገኘውም። በሕንድ ፈጣን ለውጥ ያመጣው የገበያ ሕግ ነበር። የሀገሪቱ የውድድር ኮሚሽን እ.አ.አ በጥቅምት 2022 ጎግል በአንድሮይድ ገበያ ያለውን የበላይነት አላግባብ ተጠቅሟል በማለት ከ13 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ቀጥቶታል፤ አሠራሩን እንዲቀይርም አዝዟል።

አብዛኞቹ ለምን ከሸፉ?

አማራጭ ስርዓት መሥራት አዲስ ሐሳብ አይደለም። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ስልክ፣ የሞዚላው ፋየርፎክስ እና የካኖኒካሉ ኡቡንቱ በባለሙያ እና በገንዘብ ተደግፈው ቢጀመሩም በኩባንያዎቻቸው እጅ አልቀጠሉም። የቻይና ሳይንስ አካዳሚ እ.አ.አ በ2014 ያስተዋወቀው ሲኦኤስ የተባለ ስርዓትም ገበያውን ሳይይዝ ቀርቷል።

ምክንያቱ ከገበያ ጋር ይመሳሰላል። ሻጭ በሌለበት ገበያ ገዢ አይመጣም፤ ገዢ ወደሌለበትም ሻጭ እህሉን ጭኖ አይሄድም። መተግበሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ተጠቃሚ ይሻሉ፤ ተጠቃሚዎችም መተግበሪያ። ሁዋዌ ይህን አዙሪት መስበር የቻለው ሰፊ የሀገር ውስጥ ገበያ፣ በርካታ መሐንዲሶች እና የመንግሥት ድጋፍ ስለነበሩት ነው። ከፋየርፎክስ ፍርስራሽ የተወለደው ካይ የተባለው ስርዓት ደግሞ ከትልልቆቹ ጋር ከመፎካከር ይልቅ ባለ ቁልፍ ርካሽ ስልኮች ላይ አተኩሮ በሕንድ ሚሊዮኖች ዘንድ ደርሷል።

ነጻነቱ የማን ነው?

ከባዕድ ኩባንያ መላቀቅ ለተጠቃሚው ነጻነትን በራሱ አያስገኝም። የውጭ ኩባንያ ይዞት የነበረው መተግበሪያ የማገድ እና መረጃ የማየት ሥልጣን ወደ ሀገር ውስጥ ኩባንያ ወይም ወደ መንግሥት ሊዛወር ይችላል። ስለሆነም ስርዓቱን ማን ሠራው ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን ሌሎች ጥያቄዎችም ይነሣሉ። ኮዱን ገለልተኛ ባለሙያዎች መመርመር ይችላሉ? መረጃው የት ይቀመጣል? የግል መረጃን የሚጠብቅ ሕግ አለ? የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ በምን ያህል ፍጥነት ይደፈናል?

በኢትዮጵያ ያለው ገጽታ

ኢትዮጵያ የራሷን የስልክ ስርዓት ከመገንባት ይልቅ በክፍት ምንጭ ላይ የራሷን አገልግሎት የመሥራት ልምድ አላት። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ በሕንድ የተጀመረውን ሞሲፕ የተባለ ክፍት ምንጭ መሠረት ይጠቀማል። በሌላ በኩል የቴሌብር አገልግሎት በመተግበሪያ ብቻ ሳይሆን በ*127# ጭምር ይሠራል፤ አርሶ አደሮች የግብርና ምክር የሚያገኙበት የ8028 ነጻ የስልክ መስመርም ስማርት ስልክ አይፈልግም። እነዚህ በየትኛውም ስልክ ላይ ስለሚሠሩ የአንድሮይድም ሆነ የአይኦኤስ ፈቃድ አያሻቸውም። ለገጠሩ ነዋሪ ከአዲስ ስርዓተ ክወና ይልቅ ቅርብ የሆነው የቴክኖሎጂ ነጻነት ይህ ነው።

ስልክ ለሚገዙ ወይም ከውጭ ሀገር ከዘመድ ለሚላክላቸውም ጉዳዩ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ከ2019 ወዲህ የወጡ አዳዲስ የሁዋዌ ስልኮች የጎግልን አገልግሎቶች አይዙም። ከመግዛት በፊት የሚፈልጉት የባንክ መተግበሪያ በስልኩ ላይ መሥራቱን፣ አማርኛ መጻፊያ መኖሩን እና ስልኩ የደኅንነት ማሻሻያ እስከ መቼ እንደሚያገኝ መጠየቅ ይገባል። መተግበሪያ ጠፋ ተብሎ ከማይታወቅ ምንጭ የተላከ ፋይል መጫን ግን ገንዘብን ለሌባ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። መደብሩ ላይ የማይገኝ የባንክ መተግበሪያ ሲያስፈልግ ባንኩን በአካል ወይም በይፋዊ ስልክ ቁጥሩ መጠየቅ የተሻለ ነው።