የቀዳው ሌላ፣ ስም የፋቀው ሌላ

ጎንደር ፒያሳ ላይ ስልክ የገዛ ሰው ካርቶኑን ይዞ ወዲያው አይወጣም፤ «አፕ ጫንልኝ» ይላል። ከመስታወቱ ጠረጴዛ ጀርባ ያለው ልጅ የራሱን ስልክ ያወጣል፣ ዜንደር ይከፍታል፣ ሁለቱን ስልኮች ያገናኝና ቴሌግራሙን፣ ቲክቶኩን፣ ቪዲዮ ማውረጃውን፣ መጽሐፍ ቅዱሱን፣ የዘመን መቁጠሪያውን ባንድ ጊዜ ይለቅለታል። ከገዢው ዳታ አንድ ሜጋባይት አይነካም። ፕሌይ ስቶር አይከፈትም፤ የብዙው ሰው ጂሜይል ራሱ ሱቅ ውስጥ የተከፈተ፣ የይለፍ ቃሉን ባለቤቱ የማያውቀው ነው። ከተጫኑት ውስጥ የትኛው ከሠሪው እጅ እንደወጣ የመጣ፣ የትኛው መንገድ ላይ የተነካካ እንደሆነ ሻጩም ገዢውም አይለዩም።

በግሉ አፕ የሚሠራ የከተማው ልጅ ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣበት ንዴት ነው። ሌሊት ሲጽፍ ያደረው ኮድ ሳንቲም ሳያስገባለት ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ንዴቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ የሚደረገው አንድ ነገር አይደለም። አፑን እንዳለ ቀድቶ ለጓደኛ የሚሰጥ አለ፤ አፑን ፈትቶ፣ ሆዱን ለውጦ፣ እንደ አዲስ አሽጎ የሚለቅም አለ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ገበያ ያሰፋል፤ ሁለተኛው ሠሪውንም ተጠቃሚውንም ይዘርፋል። ብዙ ሠሪዎች ግን ጉልበታቸውን የሚጨርሱት የመጀመሪያውን በማሳደድ ነው።

ሕጉ ሁለቱንም በአንድ ዓይን ያያል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ የተጠበቀ ሥራ ያደርገዋል። አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው ቅጣትም የዋዛ አልነበረም፤ ሆን ብሎ መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይል ነበር። በ2007 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው። በዜንደር አፕ የሚጭን ልጅ በዚህ አዋጅ ይጠየቃል ብሎ የሚያስብ ግን ፒያሳ ላይ አይገኝም፤ ፖሊሱም ስልኩን የሚያስጭነው እዚያው ነው።

ጉዳዩ ከስማርት ስልክ በፊት የነበረ ነው። ኮንሴፕትስ ዳታ ሲስተምስ የሠራው ፓወር ግዕዝ፣ ከስቶር ኮምፒውቲንግ የሠራው ቪዥዋል ግዕዝ፣ በውጭ አገር ደግሞ የዶክተር አበራ ሞላ ሥራዎች፣ አማርኛ በኮምፒውተር እንዲጻፍ ካደረጉት መካከል ናቸው። በ1990ዎቹ ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ያልተጫነበት ቢሮና ጽሕፈት ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። ፕሮግራሞቹ መጀመሪያ በፍሎፒ፣ ቀጥሎ በሲዲ፣ ኋላም በፍላሽ ከነመክፈቻ ቁጥራቸው ይዞሩ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚተይቡ የዩኒቨርሲቲ አካባቢ ቤቶች፣ የቀበሌ ጸሐፊዎች፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች፣ ሁሉም በእነሱ ሠሩ፤ ከፍሎ የገዛው ግን ጥቂቱ ነበር። ከዚያ ግዕዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ዊንዶውስ ቪስታም ንያላ የተባለውን ፊደል ከነአማርኛ ኪቦርዱ ይዞ መጣ። በነፃ የሚገኝ ነገር ደረሰና የሚሸጡት ሶፍትዌሮች ገበያ ተቀዛቀዘ። የእነዚያ ሶፍትዌሮች ችግር መቀዳታቸው ብቻ ነበር ማለት ግን ይከብዳል። አገር የሞላ ተጠቃሚ ነበራቸው፤ ከተጠቃሚው ላይ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ የሚሰበስቡበት መንገድ አልነበራቸውም። ቀበሌው ደብዳቤ ለመጻፍ ብሎ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ልኮ ሶፍትዌር አይገዛም።

ዛሬም ነገሩ ያው ነው ማለት ይቻላል። ፕሌይ ስቶር ላይ ያለ አፕ በዶላር ይሸጣል፤ ደባርቅ ወይም ዳባት ያለ አስተማሪ እጁ ላይ ያለው የባንክ ካርድ ደግሞ በብር የሚሠራ ነው። ቢፈልግም አይከፍልም። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። 5 ዶላር የሚባለው አፕ ከ285 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ500 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ሠሪው አንዲት መስመር ሳይጨምርበት፣ ገዢውም ደመወዝ ሳይጨመርለት። እንዲህ ባለ ገበያ «ሕዝቡ መክፈል አልለመደም» የሚለው ወቀሳ ፍርደ ገምድል ነው። ያው ሕዝብ ለካርድ ይከፍላል፣ ለፓኬጅ ይከፍላል፣ አፕ ለሚጭንለት ልጅም ይከፍላል።

ሀብታሙ ዓለምም ቢሆን ከዚህ አልዳነም። «ሞኑመንት ቫሊ» የተባለውን ዝነኛ ጌም የሠራው የለንደኑ ኡስቱ ኩባንያ በጥር 2015 እ.ኤ.አ. አንድሮይድ ላይ ከተጫነው ጌም የተከፈለበት 5 በመቶው ብቻ እንደሆነ፣ አይፎን ላይ 40 በመቶው እንደሆነ ተናገረ። የቼኩ ማድፊንገር ኩባንያ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. «ዴድ ትሪገር» የተባለውን ጌም አንድሮይድ ላይ በ1 ዶላር እየሸጠ ቆይቶ፣ ያለ ክፍያ የሚጭነው ሰው በዛብኝ ብሎ በነፃ ለቀቀው፤ ገቢውን ጌሙ ውስጥ ከሚሸጡ ነገሮች ማግኘት መረጠ። ዋጋውን ልብ ይሏል፣ 1 ዶላር ነው። ርካሽ በማድረግ ብቻ ቅጂ አይቆምም። የቼኩ ኩባንያ የለወጠው ዋጋውን ብቻ አይደለም፤ የሚሸጠውን ነገር ነው።

ሰሜን ጎንደር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ኔትወርክ። ቅጂ ለመከላከል ተብሎ የሚደረገው የተለመደ ዘዴ አፑ በተከፈተ ቁጥር ወይም በየጥቂት ቀኑ በኢንተርኔት ሰርቨር እየጠየቀ «ይህ ሰው ከፍሏል ወይ?» ብሎ ማረጋገጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ማንም ልብ አይለውም። አማራ ክልል ውስጥ ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ወቅት ገንዘቡን ከፍሎ የ12ኛ ክፍል የፈተና መለማመጃ የገዛ ተማሪ አፑ «ኢንተርኔት ያገናኙ» ብሎ ይዘጋበታል፤ ማረጋገጫው የተሰበረለትን ቅጂ የጫነው ጓደኛው ግን ያለ ችግር ያጠናል። ጥበቃው የቀጣው የከፈለውን ነው። ይህን ያየ ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ የትኛውን እንደሚመርጥ መጠየቅ አያስፈልግም። ለዚህ አካባቢ ሰው የሚሠራ አፕ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ከሆነ፣ ሠሪው ደንበኛውን አያውቀውም ማለት ነው።

ጎንደር ራሷ በመገልበጥ የኖረች ከተማ ናት። በየአድባራቱ ቁም ጸሐፊዎች ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ አንዱን መጽሐፍ ከሌላው ሲገለብጡ ኖረዋል። ጄምስ ብሩስ ከ1770 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎንደር ተቀምጦ ሲሄድ መጽሐፈ ሄኖክን ወደ አውሮፓ የወሰደው በዚሁ በግልባጭ ነው። በየብራናው ዳር የሚጻፈው ውግዘት መጽሐፉን ለሰረቀና ጽሑፉን ለፋቀ ነው፤ ገልብጦ ለሚወስድ አይደለም። ገልባጩ እንዲያውም ደመወዙን ተቀብሎ ይመረቃል። ጥፋቱ የባለቤቱን ስም ፍቆ በምትኩ የራስን መጻፍ ነበር።

ወደ ስልኩ ስንመለስ ስም መፋቅ የሚባለው ነገር ቃል በቃል አለ። የአንድሮይድ አፕ የሚጓዘው ኤፒኬ በሚባል ፋይል ታሽጎ ነው፤ ሲለቀቅም የሠሪው በሆነ ምሥጢራዊ ቁልፍ ይፈረምበታል። ፊርማው ስልኩ ውስጥ ይመዘገባል፤ ማሻሻያ ሲመጣም ስልኩ ፊርማው ያው መሆኑን አይቶ ነው የሚቀበለው። አሁን አንዱ ፋይሉን ይፈታል፣ «ክፍያ ተፈጽሟል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ሁልጊዜ «አዎ» እንዲል ያደርገዋል፣ ከዚያ መልሶ ያሽገዋል። የሠሪው ቁልፍ ስለሌለው በራሱ ቁልፍ ይፈርማል። «ሞድ» የተባለ አፕ ያላቸው ሰዎች ከፕሌይ ስቶር ማሻሻያ አልቀበል የሚላቸው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ያ አፕ የማን ነው? መልክና ስሙ የሠሪው፣ ፊርማው የሌላ ሰው ነው። ሲበላሽ ግን ስድቡ የሚደርሰው ለሠሪው ነው፤ አንድ ኮከብ ሰጥቶ «የማይረባ አፕ» ብሎ የሚጽፈው ሰው የጫነው የእሱን አለመሆኑን አያውቅም።

በነፃ የሚሰጥ አፕም አይተርፍም። የአማርኛ መዝሙር ወይም የቀን መቁጠሪያ አፕ ሠርቶ በማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት የሚሞክር ሰው አፑ ይፈታበትና የማስታወቂያ መለያ ቁጥሩ በሌላ ሰው ቁጥር ይተካል። ስሙ ትንሽ ይቀየርና እንደገና ይለቀቃል። ያው ሥራ፣ ያው ተጠቃሚ፤ ገንዘቡ ብቻ ሌላ ኪስ ይገባል። ይህ ከቅጂ ጋር አንድ ሚዛን ላይ ሊቀመጥ አይገባም።

ተጠቃሚውን ደግሞ የሚጠብቀው የባሰ ነው። በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. የካስፐርስኪ ባለሙያዎች ኤፍኤም ዋትስአፕ የሚባለው የተቀየረ ዋትስአፕ ትሪያዳ የተባለ አደገኛ ፕሮግራም ይዞ አገኙት። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዮ ዋትስአፕ የተጠቃሚውን የመግቢያ ቁልፍ እየሰረቀ እንደሚልክ ገለጹ፤ ማስታወቂያው የሚታየው በብዙ ሰው ስልክ ላይ ባለው ቪዲዮ ማውረጃ፣ በስናፕቲዩብ ውስጥ ነበር። ሱቅ ውስጥ በታሸገ ካርቶን የመጣ ስልክም ቢሆን ዋስትና የለውም። በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የአፕስትሪም ኩባንያ ምርመራ ቴክኖ ደብልዩ2 ስልኮች ከነትሪያዳና ኤክስሄልፐር እንደተሸጡ አሳየ፤ ስልኮቹ ከተገኙባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ አገልግሎት እየተመዘገቡ ካርዱን ይበሉ ነበር። አምራቹ ትራንሽን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ ሌላ አካል ላይ አሳበበ።

ያኔ የሚበላው ካርድ ነበር። ዛሬ ስልኩ ውስጥ ያለው ቴሌብር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦበታል፤ የዳባት ገበሬ የእህል ሽያጩን፣ የአዘዞ ነጋዴ የቀኑን ገቢ ስልኩ ላይ ያስቀምጣል። አጭር መልእክት የማንበብ ፈቃድ የተሰጠው ምንጩ የማይታወቅ አፕ በጽሑፍ የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር ማየት ይችላል። ብዙ ሰው አፕ ሲጭን የሚመጣውን «ፍቀድ» የሚል ጥያቄ ሳያነብ ይነካዋል።

ታዲያ ሠሪው ምን ያድርግ? መልሱ ቀድሞ ታይቷል። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋ፣ ኃይሌ ሩትስና ዳዊት ንጉሡ «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ አፕ ሲጀምሩ ሰውን የውጭ ካርድ አልጠየቁም፤ ዘፈኑ በሞባይል ሂሳብ እንዲገዛ አደረጉ። ሙዚቃ በየሚሞሪው በነፃ የሚሞላበት አገር ነው፤ ግን ካሴት ይገዛ የነበረው ሰው በእጁ ባለው የሞባይል ካርድ ሊከፍል ቻለ። ዛሬ ቴሌብርና ኤምፔሳ አሉ፤ ቻፓን የመሰሉ የክፍያ አገናኞችም ለግል ሠሪ በሩን ከፍተዋል። በ20 እና በ30 ብር የሚከፈት፣ ክፍያው አንዴ ከተረጋገጠ በኋላ ኢንተርኔት የማይጠይቅ፣ ኤፒኬው በዜንደር እንደልቡ የሚዞር አፕ መሥራት ይቻላል። የሚዞረው ቅጂ ራሱ ማስታወቂያ ይሆናል፤ የሚሸጠው አዲሱ ዓመት ጥያቄ፣ የተስተካከለው ትርጉም፣ ቀጣዩ ምዕራፍ ነው። የስልክ ሱቁን ልጅ ከመክሰስም ድርሻ መስጠት ያዋጣል፤ ዋናውን ኤፒኬ ከሠሪው ተቀብሎ በሸጠው ቁጥር ኮሚሽን ቢታሰብለት ከሁሉ የተሻለ አከፋፋይ እሱ ነው።

ጎግል በበኩሉ በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ማንነቱ ባልተረጋገጠ ሠሪ የተፈረመ አፕ በተመሰከረላቸው የአንድሮይድ ስልኮች ላይ እንዳይጫን ሊያደርግ ማቀዱን አስታውቋል። መጀመሪያ በ2026 በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ፣ ከ2027 ጀምሮ ደግሞ በሌላውም ዓለም ደረጃ በደረጃ። ስም ፋቂውን ሊያስቸግር ይችላል፤ መታወቂያና የውጭ ክፍያ የሚያስቸግረውን የጎንደር ጀማሪም እንዳያስቸግር ያሰጋል። ስለዚህ አፕ የምትሠሩ ልጆች ፊርማችሁን፣ ቁልፋችሁንና የምዝገባ ወረቀታችሁን ከአሁኑ አስተካክሉ። ተጠቃሚዎች ደግሞ ቴሌብር ባለበት ስልክ ላይ ጂቢ፣ ኤፍኤም ወይም ዮ የሚል ዋትስአፕ ካለ ዛሬውኑ አጥፉት፤ ቀጥሎም በስልካችሁ ሴቲንግ ገብታችሁ አጭር መልእክት እንዲያነቡ የተፈቀደላቸውን አፖች አንድ በአንድ ተመልከቱ፣ የማታውቁትን ከልክሉ።