ኒታ፣ ሳሙናው እና የምጣድ ጥላሸት

ዛሬ የጻፍኩት ረዘም ያለ ነው፤ ቡና ካላችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።)

ባለፈው እሑድ አጋሮ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ልጇ ከቤሩት ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም። ቶናው ሲቀዳ ስልኳን አውጥታ «እስኪ ይቺን ልጅ እያት» አለችኝ። አንዲት ትንሽ ልጅ ታለቅሳለች። ፊቷ ጥቁር ነው፤ ጥቁረቱ ግን የሆነ የሚረብሽ ነገር አለው። የሰው ቆዳ ብርሃን ሲያርፍበት ግንባር ላይ ይፈካል፣ ጉንጭ ሥር ይጠቁራል። የዚች ልጅ ፊት ግን እንደ ተቀባ በር ዳር እስከ ዳር አንድ ነው።

«ቀለም ተቀብታ ነው እኮ» አለችኝ። «ልጅቷ ቀይ ናት፤ ከኔም ካንቺም ትቀላለች።»

አክስቴ ከጀበናዋ ቀና ብላ አየችና «ያ ረቢ! ጥላሸት ነው የቀቧት?» አለች።

ያቺ «ጥላሸት» የምትል ቃል ናት ይሄን ሁሉ ያስጻፈችኝ። ወደሷ እመለሳለሁ።

ድራማው «ኒታ ኔግሪታ» ይባላል። የፊሊፒንስ ነው፤ ጂኤምኤ የተባለው ትልቅ ጣቢያ በ2011 ከሰዓት በኋላ ሲያሳየው የነበረ። የኒታ እናት ፊሊፒናዊት፣ አባቷ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በቆዳዋና በፀጉሯ ይሳለቁባታል፣ ይገፏታል፤ እሷ ግን ደግ ናት፣ ትችላለች፣ ታለቅሳለች፣ እንደገና ትችላለች። ኒታን ሆና የተጫወተችው ባርቢ ፎርቴዛ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ በአገሯ ስመ ጥር ተዋናይት ናት። ፊቷንና እጆቿን አጥቁረው፣ ፀጉሯን አንጨፍርረው ነው ካሜራ ፊት ያቆሟት። ወሬው ከፊሊፒንስ ውጪ ሲሰማ ብዙ ሰው ተቆጣ፤ በተለይ ጥቁር አሜሪካውያን።

የአክስቴ ልጅ ድራማውን ያየችው ቤሩት ነው። በቤቱ ውስጥ አብራት የምትሠራ ፊሊፒናዊት ነበረች፣ በዕድሜ የምትበልጣት፣ እህት የሆነችላት። ማታ ሥራ ሲያልቅ ሁለቱ ኩሽና ውስጥ ወለል ላይ ቁጭ ብለው በአንድ ስልክ ያያሉ፤ ፊሊፒኗ በሰባራ አረብኛ ትተረጉምላታለች። «ለኒታ ስታለቅስ ብታያት!» ትላለች የአክስቴ ልጅ። «አልቅሳ አልቅሳ ስትጨርስ ደሞ ለእኔ ሳሙና ትሰጠኛለች።»

ሳሙናውን ታውቁታላችሁ። ብርቱካንማው፣ ኮጂክ የሚሉት፣ «ያቀላል» ተብሎ የሚሸጠው። ጅማም ሱቅ ውስጥ አለ። ሴትዮዋ በክፋት አይደለም የሰጠቻት፤ እንዲያውም ከደመወዟ ገዝታ ነው። ኒታን አዝናላት፣ የኛዋንም አዝናላት፣ ለሁለቱም ያየችላቸው መድኃኒት ግን አንድ ነው። እኔ ስለዚህ ድራማ ያነበብኩት ትችት ሁሉ ተደምሮ የዚችን ሳሙና ያህል አላስረዳኝም።

አሁን ወደ ማብራራቱ። «ፊት ማጥቆር ምን ያስቆጣል? ቲያትር አይደል?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ነገሩ የተወለደው አሜሪካ ነው። ከ1830ዎቹ ጀምሮ ነጭ ተዋናዮች የተቃጠለ ቡሽ ፊታቸው ላይ እየለቀለቁ መድረክ ላይ ይወጡና ጥቁሮችን እያስመሰሉ ይዘፍናሉ፣ ይደንሳሉ፣ ይጃጃላሉ። ባሪያ ፈንጋዩ አገር ባሪያውን የሚያየው በዚያ ጭምብል ነበር። ከእነዚያ ገጸ ባሕርያት የአንዱ ስም ጂም ክሮው ነው፤ በኋላ ጥቁርና ነጭን በባቡር፣ በትምህርት ቤት፣ በመጸዳጃ ቤት ለሚለያየው ሕግ መጠሪያ የሆነው ይኸው ስም ነው። ከሳቅ ተነስቶ ሕግ ላይ ደረሰ ማለት ነው። አሜሪካ ፊሊፒንስን ከ1898 እስከ 1946 ስትገዛ ይህ የመድረክ ጨዋታ አብሮ ተሻገረ፤ ፊሊፒናውያን «ቦዳቢል» ብለው የራሳቸው አደረጉት።

ግን አብሮ የተሻገረ ሌላ ነገርም አለ፤ እኔን እሱ ነው የሚገርመኝ። አሜሪካ ፊሊፒናውያንን ልትወጋ ከላከቻቸው ወታደሮች መካከል የጥቁሮች ክፍለ ጦሮች ነበሩበት። ከነዚያ አንዱ፣ ዴቪድ ፌገን የተባለው የ24ኛው እግረኛ ወታደር፣ በ1899 ጦሩን ከድቶ ከፊሊፒናውያን አርበኞች ጋር ተሰለፈ፤ እነሱም መኮንን አድርገው ሾሙት። በአሜሪካ የጦር ሰፈሮች ዙሪያ፣ በክላርክና በሱቢክ፣ ከጥቁር ወታደሮች የተወለዱ ልጆችም ሞልተዋል። የመጨረሻው ሰፈር በ1992 ሲዘጋ አባቶች ሄዱ፣ ልጆች ቀሩ። በዚያ ላይ ኤታ የሚባሉት ቆዳቸው ጥቁር፣ ፀጉራቸው ከርዳዳ የሆኑ የአገሩ ነባር ሕዝቦች አሉ፤ ስፔኖች «ኔግሪቶ» ያሏቸው። ኔግሪታ የሚለው የድራማው ስም ከዚያው ቃል ነው። እና ጥቁር ልጅ ያልጠፋበት አገር አንዲት ቀይ ልጅ ቀብቶ «ይቺ ጥቁር ናት» አለ። የእውነቷ ኒታ ቤቷ ቁጭ ብላ የተቀባችውን ታያለች።

የሚከላከሉለት «ድራማው እኮ ከኒታ ጋር ነው የወገነው፤ የሚያስጠላው የሚሰድባት ሰው ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ወግኗል። አወጋገኑ ግን ለበሽተኛ እንደሚታዘነው ነው። «ብትጠቁርም ደግ ናት» ይባልላታል። «ብት...ም» ውስጥ ያለውን ነገር አማርኛ ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በነገራችን ላይ ኔግሪታ ማለት በስፔንኛ «ጥቁሪቱ» ብሎ እንደ ማቆላመጥ ነው። ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ የጣሊያኖቹ «ፋቼታ ኔራ» ነው። ትንሿ ጥቁር ፊት ማለት ነው፣ የ1935 የወረራ ዘፈን፤ የተዘፈነውም ስለ ሐበሻ ልጅ ነው፣ ነፃ አወጣሻለሁ እያለ። ያንን ይዘፍን የነበረው ጦር ጅማ ገባና ከተማችንን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ መቀመጫ አደረጋት። በ1937 ደግሞ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጡ። ማቆላመጡና ሕጉ የሚራራቁት ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

እሺ፣ ማኒላና ሮምን ስንወቅስ ቆየን፤ ደስ ይላል፣ ሩቅ ናቸው። አሁን ወደ አክስቴ ቃል ልመለስ።

ሰባተኛ ክፍል ሆኜ የድራማ ክበብ አባል ነበርኩ፤ ትምህርት ቤቱን አልጠራም። ለዓመቱ መዝጊያ አንድ ሀብታም ቤት ውስጥ የሚሆን ነገር አዘጋጀን። አሽከር ያስፈልገናል። አሽከሩን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ጠይም ነበር፣ «አሽከር አይመስልም» ተባለ። ማን እንዳለ አላስታውስም፤ እኔ ልሆን እችላለሁ። ጥላሸቱን ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ። ጠዋት እናቴ ሳታየኝ ከምጣዱ ሥር በቢላ ፋቅኩ፣ በወረቀት ጠቀለልኩ፣ ክፍል ውስጥ በቫዝሊን ለወስኩት። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጆሮውን ሳይቀር ቀባሁት። መድረክ ላይ ሲወጣ ገና አንድ ቃል ሳይናገር ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሥራዬ ስለተሳካ ኮራሁ።

ሦስተኛው አግዳሚ ላይ አንዲት የክፍላችን ልጅ ተቀምጣ ነበር። እናቷ እንደ ብዙዎቹ እናቶች በለቀማ ወቅት የሰው ቡና ትለቅማለች፤ አያቷ «ከካፋ የመጡ ናቸው» እየተባለ በሹክሹክታ ይወራል። ልጅቷ መልኳ እኔ የቀባሁትን ይመስላል። አልሳቀችም። የምታየውም መድረኩን አልነበረም፤ ጥላሸት የነካካውን እጄን ነበር።

ልጁ በዚያው ከሰዓት ታጥቦ ኳስ ሊጫወት ወጣ። የአሽከሩ ስም ግን እሷ ላይ ተለጠፈ፤ ስምንተኛን ጨርሰን እስክንለያይ ድረስ በዚያ ስም ነበር የሚጠሯት። አላስጣልኳትም። ይሄን ያልኩት ለንስሐ አይደለም፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ስለሚያሳይ ነው።

«ከካፋ የመጡ» የሚለው ሹክሹክታስ ከየት መጣ? ጅማ የምትኖሩ ሂርማታን ታውቃላችሁ፣ ዛሬ የምንገበያይበት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ከነበሩት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ዝባድ፣ ቡና፣ ማርና ጨው ይሸጥበታል፤ ሰውም ይሸጥበታል። ከካፋ፣ ከዳውሮና ከዚያም ወዲያ ተማርከው የመጡ ሰዎች እዚያ ዋጋ ወጥቶላቸው ወደ ሰሜንና ወደ ባሕሩ ይነዳሉ፤ ብዙዎቹም እዚሁ ቀሩ፣ እርሻ ላይና ጓዳ ውስጥ። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ ይህ ንግድ በዓይናቸው ሥር ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር ውስጥ ስትገባ ባርነትን አጠፋለሁ ብላ ቃል ገባች፤ ቁርጥ ያለው አዋጅ የወጣው ግን በ1942 ነው። እንግዲህ አስሉት፣ የአያቶቻችን ዘመን ነው። እኛ ጅማዎች ስለ ጅሬን ቤተ መንግሥት እንጨት ሥራና ስለ ንጉሡ ቁመት ለእንግዳ ማውራት እንወዳለን። የሐሙሱን ገበያ እንዘለዋለን። ቦንጋ በኩል ደግሞ ማንጃ የሚባሉትን፣ አድነውና ከሰል አክስለው የሚያድሩትን፣ ጎረቤቶቻቸው ከገበታቸው የሚያርቁበት ልማድ እኛው ዘመን ድረስ ዘልቋል።

ቋንቋችንም ይመሰክርብናል። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር፤ ሙሽራ ለመግለጽ፣ ሕፃን ለመግለጽ ስንቱን አውጥተናል! «ልጁ ማንን መሰለ?» ከማለታችን በፊት «ቀይ ነው?» እንላለን። ኒታ ራሷ በኛ አማርኛ «ክልስ» ነች። እኛ ሰፈር ክልስ ሲባል ደግሞ የሚመጣብን ነጭ አባት ነው፣ «ስታምር!» ይከተለዋል። ጥቁር አባት ካላት ግን ክልስ መሆኗን ማን ያስታውስላታል?

ከዚያ ልጆቻችን ቤሩትና ሪያድ ይሄዱና ይሄው የቀለም መሰላል ተገልብጦ ይጠብቃቸዋል። የፊሊፒንስ መንግሥት በ2006 የቤት ሠራተኞቹ ዝቅተኛ ደመወዝ 400 ዶላር ይሁን ብሎ ወሰነ፤ ሁሉም አሠሪ ባያከብረውም የሚከራከሩበት ወረቀት አላቸው። የአክስቴ ልጅ እዚያው ቤት፣ ያንኑ ወለል እየወለወለች፣ የዚያችን ሴትዮ ደመወዝ ግማሽ እንኳ አላገኘችም። ደላላው ምክንያቱን ሲነግራት አላፈረም፦ «ሐበሻ ዋጋዋ ይሄ ነው።» ዋጋ። ሂርማታ የለመደው ቃል ነው።

ሴትዮዋን አልጠላኋትም። የአክስቴ ልጅም አልጠላቻትም፣ እስከ ዛሬ ይደዋወላሉ። ሳሙናውን ግን አልተጠቀመችበትም፤ ሻንጣዋ ሥር ሦስት ፍሬ እንደታሸጉ መጥተዋል፣ አክስቴ የእንግዳ እጅ ማስታጠቢያ አድርጋቸዋለች።

ሰኔ ሲደርስ የትምህርት ቤት መዝጊያ ድራማ አለ። ከእናንተ መካከል አስተማሪዎች፣ የክበብ ኃላፊዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጅማ፣ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ሰቃ፣ ቦንጋ። ጥላሸት በወረቀት ጠቅልላ የመጣች ልጅ ካያችሁ አትቆጧት፣ እጇን አስታጥቧትና ለምን እንደሆነ ንገሯት። ከዚያ ደግሞ አግዳሚዎቹን ዞር ብላችሁ እዩ፤ የማትስቅ ልጅ ካለች፣ የሚቀጥለው ዓመት ድራማ ላይ የንግሥቲቱን ቦታ ለሷ ስጧት።