ለቦምቦኔራ የሚመረጠው ወር የቱ ነው?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ኖቬምበር 10 ቀን 2018፣ ቅዳሜ። የቦነስ አይረስ ሰማይ የተቀደደ ይመስል ዝናቡን ያወርደዋል። በዚያን ዕለት ቦካ ጁኒየርስና ሪቨር ፕሌት በኮፓ ሊበርታዶሬስ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍጻሜ ሊገናኙ ነው። ገንዘቡን አጠራቅሞ፣ አለቃውን ፈቃድ ለምኖ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣው ቲፎዞ ቦምቦኔራ የሚገባበትን ሰዓት እየቆጠረ ነው። ግን ምን ዋጋ አለው! ሜዳው ሐይቅ ሆነ። ቺሊያዊው ዳኛ ሮቤርቶ ቶባር ኳሷ አልንከባለል ስትለው ጨዋታው ለማግስቱ ተላለፈ። እሁድ ዕለት ሁለቱ ባላንጣዎች ሁለት እኩል ተለያዩ። አንድ ቀን አስተርፎ የመጣ ታሪክ አየ፤ የመመለሻ ትኬቱን ለእሁድ ጠዋት የቆረጠ ደግሞ ዝናብ አይቶ ተመለሰ።

ቦነስ አይረስ የኳስ አፍቃሪ ሁሉ በሕይወቱ አንዴ ሊረግጣት የሚመኛት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባም ቢሆን መንገዱ እንደ ድሮው ዝግ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2018 በሳኦ ፓውሎ በኩል ወደዚያው መብረር ጀምሯል። ችግሩ ጉዞው ውድ መሆኑ ነው፤ ውድ በመሆኑም አንዴ ከተበላሸ አይደገምም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «እንዴት ልሂድ?» ብቻ ሳይሆን «መቼ ልሂድ?» ጭምር ነው።

የተገለበጠው ካላንደር

የፕሪሚየር ሊግ ተከታታይ ኦገስት ላይ ሊግ ሲጀመር፣ ሜይ ላይ ሲያልቅ ነው የሚያውቀው። አርጀንቲና ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ይህ ሒሳብ እዚያ አይሠራም። ለንደን በብርድ ስትንቀጠቀጥ ቦነስ አይረስ በጋ ነው። የሚገርመው ለአዲስ አበባ ሰው ነገሩ ያን ያህል አለመገልበጡ ነው። እዚህ ክረምት ሲገባ እዚያም ክረምት ነው፤ እዚህ መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ እዚያም ጸደይ ይገባል።

ሊጉም የራሱ ባሕርይ አለው። በ2025 ለምሳሌ አንዱ ዓመት ለሁለት ተከፍሎ፣ ከጃንዋሪ እስከ ጁን «አፐርቱራ» (መክፈቻ)፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ደግሞ «ክላውሱራ» (መዝጊያ) ተካሂዷል። ሁለቱም የየራሳቸው ሻምፒዮን አላቸው።

በጋ፦ ሙቀት አለ፣ ኳስ ግን...

ዲሴምበር፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ የበጋ ወራት ናቸው። ጃንዋሪ ላይ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ከተማዋ የተቆረቆረችው በሪዮ ዴ ላ ፕላታ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ጠለል ብዙም ሳትርቅ ነው። የአገሬው ሰው «የሚገድለው ሙቀቱ ሳይሆን ወበቁ ነው» ይላል። የአዲስ አበባን ደጋ ለለመደ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

ከሙቀቱ የሚብሰው የኳሱ መቀዝቀዝ ነው። ከገና እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ድረስ ያለው ጊዜ የዕረፍትና የዝግጅት ነው። ነዋሪው ሻንጣውን ሸክፎ እንደ ማር ዴል ፕላታ ወዳሉ የባሕር ዳርቻዎች ይወርዳል። በዚህ ወቅት የሄደ ቲፎዞ የቦካን ሙዚየም ጎብኝቶ፣ በባዶው ቦምቦኔራ ፎቶ ተነስቶ ሊመለስ ይችላል። ስታዲየም ያለ ሕዝብ ደግሞ ምኑን ስታዲየም ሆነ?

እርግጥ በጋም ቀን አለው። በ2022 ሜሲና ጓደኞቹ የዓለም ዋንጫውን ይዘው የገቡት ዲሴምበር 20 ቀን ነበር። በዚያ ሙቀት በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ጎዳናውን ሞላው፤ ተጫዋቾቹን የያዘው አውቶቡስ መንቀሳቀሻ አጥቶ በሄሊኮፕተር ሊወሰዱ ግድ ሆነ። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ቀን ማን አስቀድሞ ትኬት ይቆርጥለታል?

ክረምት፦ ብርዱና ትዝታው

ከጁን እስከ ኦገስት ክረምት ነው። ጁላይ ላይ ቀኑ 15 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ሌሊቱ ወደ 7 ዲግሪ ይወርዳል። በረዶ ብርቅ ነው። ጁላይ 9 ቀን 2007 ሲዘንብ ከ1918 ወዲህ የመጀመሪያው ስለነበር ሰው እንደ ልጅ ጎዳና ወጥቶ ጨፍሯል። ጃኬት ይዞ ለሄደ አዲስ አበቤ ብርዱ የሚያስፈራ አይደለም። የሚያሰጋው በአፐርቱራና በክላውሱራ መካከል ሊጉ የሚያርፍበት ክፍተት ነው።

ታሪክ ለሚወድ ግን ክረምት ሌላ ትርጉም አለው። አርጀንቲና የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫዋን ያነሳችው ጁን 25 ቀን 1978፣ በሪቨር ፕሌት ሜዳ ሞኑሜንታል፣ ሆላንድን 3 ለ 1 አሸንፋ ነው። ማሪዮ ኬምፔስ ሁለት፣ ዳንኤል ቤርቶኒ አንድ አገቡ። ያን ቀን ከሜዳው ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ውስጥ ወታደራዊው መንግሥት ሰዎችን አስሮ ያሰቃይ ነበር። ቦታው ዛሬ ሙዚየም ነው፤ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሞኑሜንታልን የሚጎበኝ ሰው ሁለቱንም ቢያይ የዚያን ዋንጫ ሙሉ ታሪክ ያውቃል።

ኢትዮጵያም በዚያ ክረምት ድርሻ አላት። የ2001 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና አርጀንቲና ውስጥ ከጁን 17 እስከ ጁላይ 8 ሲካሄድ ከ20 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድናችን ተሳታፊ ነበር። በዚያ ውድድር ሀቪየር ሳቪዮላ 11 ጎል አስቆጥሮ አርጀንቲና በፍጻሜው ጋናን 3 ለ 0 ረትታለች።

ቅጠል ሲረግፍ

ከማርች እስከ ሜይ ሙቀቱ ይበርዳል፣ ሊጉ ደግሞ ይግላል። ኤፕሪል ላይ የኮፓ ሊበርታዶሬስ የምድብ ጨዋታዎችም ስለሚጀመሩ በሳምንቱ መካከል ማታ ማታ ኳስ አይጠፋም። ከተማዋ ክለብ በክለብ ናት። አንዱ ስታዲየም ባይሞላ ሌላው ይሞላል። አቬላኔዳ በተባለው አጎራባች ከተማ የሬሲንግና የኢንዲፔንዲየንቴ ስታዲየሞች ተቃቅፈው የቆሙ ያህል ቅርብ ናቸው፤ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በእግር ለመድረስ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ማርች ዝናብ ስለሚበዛበት ኤፕሪልና ሜይ ይሻላሉ።

የዲዬጎ ወራት

ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ጸደይ ነው። ኖቬምበር ላይ የጃካራንዳ ዛፎች ጎዳናውን ሐምራዊ ያደርጉታል፤ የቀኑ ሙቀት 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ክላውሱራው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ እያንዳንዱ ነጥብ ወርቅ ይሆናል።

ይህ ወቅት የማራዶናም ነው። ዲዬጎ የተወለደው ኦክቶበር 30 ቀን 1960 ነው። በአርጀንቲኖስ ጁኒየርስ ማሊያ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ኦክቶበር 20 ቀን 1976፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት ነበር። የመጨረሻ የክለብ ጨዋታውን ኦክቶበር 25 ቀን 1997 በሞኑሜንታል ተጫወተ፤ ቦካ ሪቨርን 2 ለ 1 ረታ። በቦምቦኔራ ሕዝቡን የተሰናበተው ኖቬምበር 10 ቀን 2001፣ ዓለምን የተሰናበተው ደግሞ ኖቬምበር 25 ቀን 2020 ነው። የአርጀንቲኖስ ጁኒየርስ ሜዳ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በእነዚህ ወራት ከተማዋን የረገጠ ሰው ዲዬጎን በየግድግዳው ሳያገኘው አይውልም።

ታዲያ የቱ ይመረጥ?

ለኳስ የሚሄድ ሰው ሁለት መስኮት አለው። ኤፕሪልና ሜይ አንዱ፣ ኦክቶበርና ኖቬምበር ሌላው። የ2025 ሁለት ሱፐርክላሲኮዎች ይህንኑ ያሳያሉ። ኤፕሪል 27 ሪቨር በሞኑሜንታል 2 ለ 1፣ ኖቬምበር 9 ደግሞ ቦካ በቦምቦኔራ 2 ለ 0 አሸንፈዋል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ለተባለ ግን ኖቬምበር ይበልጣል። አየሩ፣ የሊጉ ማብቂያ፣ የዲዬጎ ትዝታ፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛሉ።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የጨዋታዎች ትክክለኛ ቀንና ሰዓት የሚቆረጠው ዘግይቶ ነው። የቦካ አባላት ብዛት ከስታዲየሙ ወንበር ስለሚበልጥ ቲኬት እንደ ሲኒማ በር ላይ አይገኝም። ወኪሎች ለቱሪስት ቢያቀርቡም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ብልህ ተጓዥ ጉዞውን በሙሉ በአንድ ጨዋታ ላይ አይሰቅልም። ሱፐርክላሲኮ ቢያመልጠው አቬላኔዳ አለ፤ አቬላኔዳ ቢያመልጠው የአርጀንቲኖስ ጁኒየርስ ትንሿ ሜዳ አለች።

ለማስታወስ ያህል፣ የ2018ቱ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ ኖቬምበር 24 በሞኑሜንታል ሊካሄድ ነበር። የቦካ አውቶቡስ በድንጋይ ተደበደበና ጨዋታው ዲሴምበር 9 ማድሪድ ሄዶ ተካሄደ፤ ሪቨር በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 1 አሸነፈ። ያንን ጨዋታ ብቻ ብሎ ቦነስ አይረስ የገባ ሰው ዋንጫውን ያየው በቴሌቪዥን ነው። ለመጀመሪያው ጨዋታ የመጡት ግን የሚያስፈልጋቸው አንድ ትርፍ ቀን ብቻ ነበር። ወሩን መምረጥ ግማሹ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ የመመለሻ ትኬቱን አለመቸኮል ነው።