ጣቱ የተዋናዩ፣ ትንፋሹ የሙዚቀኛው

የጃዝ ሙዚቀኛን ሕይወት ለሚተርክ ፊልም ተዋናይ ሲመረጥ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ካሜራ ፊት የሚቆም አንድ፣ መሣሪያውን የሚነፋ ሌላ። የጥንት ንጉሥ ወይም የጦር መሪ ሆኖ የሚሠራ ተዋናይ ድምፁን ከእውነተኛው ሰው ድምፅ ጋር የሚያመሳክርበት ተመልካች የለም። ቻርሊ ፓርከርን ወይም ቢሊ ሆሊደይን የሚሠራ ግን ከሸክላው ጋር ይፎካከራል። ጃዝ ወዳዱ የፓርከርን ሳክስፎን ገና ሲጀምር ይለየዋል፤ ሆሊደይም ቃሉን ከምቱ ኋላ ጎተት አድርጋ እንደምታሳርፈው ያውቃል።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሆሊውድ ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ባለታሪኩ በሕይወት ካለ ራሱ እንዲጫወት ማድረግ ነበር። በ1956 በወጣው የቤኒ ጉድማን ፊልም ክላርኔት ይዞ የሚታየው ስቲቭ አለን ሲሆን የሚሰማው ጉድማን ነው። በ1959 ሳል ሚኒዮ ጂን ክሩፓን ሲሠራ ድራሙን የመታው ክሩፓ ራሱ ነበር፤ በዚያው ዓመት ዳኒ ኬይ ሬድ ኒኮልስን ሆኖ ሲቀርብም ኮርኔቱን ኒኮልስ ነፋ። ግሌን ሚለር በ1944 ከተሳፈረበት አውሮፕላን ጋር ጠፍቶ ስለቀረ በ1954ቱ ፊልም ለጄምስ ስቱዋርት ሌላ ሙዚቀኛ ትሮምቦን ነፋለት። የእነዚህ ፊልሞች ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ጃዝን የፈጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ሆነው ሳለ ዋናውን ቦታ ያገኙት ነጭ ሙዚቀኞች ናቸው። ሉዊ አርምስትሮንግን የሚያህል ሰው በሚለር ፊልም ውስጥ በአንድ ክለብ ትዕይንት ብቅ ብሎ ያልፋል። ናት ኪንግ ኮል ደብልዩ ሲ ሃንዲን የሠራበት የ1958ቱ ፊልም ለዚያ ዘመን ከስንት አንድ ነበር።

ምርጫውን የሚያከብደው ወይም የሚያቀለው አንዱ ነገር መሣሪያው ነው። ፒያኖ ለተዋናይ ይራራል፤ ካሜራው ከፒያኖው ማዶ ሆኖ ፊቱን ሲያነሳ እጁ አይታይም፤ እጅ ብቻ የሚታይበትን ደግሞ ሌላ ፒያኒስት ይሠራለታል። ድራም መደበቂያ የለውም። ትራምፔት አሳሳች ነው። ሦስት መጫኛ ብቻ ስላለው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱም ሳይጫን ከንፈር ሲጠብቅና ሲላላ ብቻ የተለያዩ ኖታዎች ይወጣሉ። ስለዚህ ጣቱ ልክ የሆነን ተዋናይ ከንፈሩና አንገቱ ያጋልጡታል። ነፊው ከኖታው በፊት በአፉ ጥግ አየር ይስባል፣ ደረቱ ይሞላል፣ ድምፁ ወደ ላይ ሲወጣ የአንገቱ ጅማት ይገተራል። ድምፁ ከተሰማ በኋላ ትንፋሽ የሚስብ ተዋናይ ሲያይ፣ ሙዚቃ የማያውቅ ተመልካች እንኳ የሆነ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል። ዶን ቺድል ማይልስ ዴቪስን ለመሥራት ትራምፔት መንፋት የተማረው ለዚህ ነው። በ2015 በቀረበው ፊልም የሚሰማው የዴቪስ የራሱ ቅጂና የኪዮን ሃሮልድ ትራምፔት ቢሆንም፣ የቺድል ትንፋሽ በቦታው በቦታው ይሳባል።

ሁለቱን ሰዎች አንድ በማድረግ ረገድ የክሊንት ኢስትዉድ «በርድ» (1988) ብዙ ያስተምራል። የቻርሊ ፓርከር ታሪክ አስቀድሞ ለታዋቂው ኮሜዲያን ለሪቻርድ ፕራየር የታሰበ ነበር፤ ኢስትዉድ የመረጠው ግን ገና ስሙ ያልገነነውን ፎረስት ዊትከርን ነው። ዊትከር ሳክስፎኑን የተማረው የፊልሙን ሙዚቃ ከመራው ከሌኒ ኒሃውስ ዘንድ ነው። ፓርከር በ1955 በ34 ዓመቱ ስለሞተ የድምፁ ነገር ከባድ ነበር። ኒሃውስና የድምፅ ባለሙያዎቹ ከአሮጌ ቅጂዎች፣ የፓርከር የትዳር አጋር የነበረችው ቻን ያስቀመጠቻቸው ቴፖች ጭምር፣ ሳክስፎኑን ብቻ ነጥለው አወጡ። ከዚያ እንደ ሬይ ብራውንና ሮን ካርተር ያሉ ሙዚቀኞች ስቱዲዮ ገብተው የሞተውን ሰው እያዳመጡ እንደ አዲስ አጀቡት። ዊትከርም ከሠላሳ ዓመት በፊት በተሳበ ትንፋሽ ላይ የራሱን ትንፋሽ ማሳረፍ ነበረበት። በካን ፌስቲቫል ምርጥ ተዋናይ ተባለ፤ ፊልሙም በድምፅ ሥራው ኦስካር አገኘ። ሽልማቶቹ ለሁለቱ ግማሾች የተሰጡ ናቸው ማለት ይቻላል።

ተቃራኒው መንገድ ሙዚቀኛውን ራሱን ተዋናይ ማድረግ ነው። ፈረንሳዊው ቤርትራን ታቨርኒዬ በ1986 ባወጣው «ራውንድ ሚድናይት» ዴል ተርነር የተባለውን ልብ ወለድ ሳክስፎን ነፊ የቀረጸው ከሙዚቀኞቹ ከባድ ፓወልና ከሌስተር ያንግ ሕይወት ነው። ለቦታው የመረጠውም በኮፐንሃገን ለዓመታት በስደት የኖረውን ሳክስፎን ነፊ ዴክስተር ጎርደንን ነው። ሙዚቃው ካሜራው እየሠራ እዚያው በቀጥታ ተቀረጸ። ጎርደን በፊልሙ በጣም ልብ የሚነካው ሲነፋ ብቻ አይደለም፤ ዝም ብሎ ሌላውን ሲያዳምጥም ነው። ጃዝ ውስጥ አንዱ ሶሎውን ሲጫወት ሌላው ተራውን እየጠበቀ ጆሮ ይሰጣል፤ ያ ፊት ላይ የሚታይ የማዳመጥ ልማድ በጥቂት ወር ልምምድ የሚገኝ አይደለም። ብዙ የጃዝ ፊልሞች የሚደክሙት እዚህ ላይ ነው፤ ተዋናዩ ጣቱን ያጠናና ተራው ባልሆነበት ሰዓት ፊቱ ባዶ ይሆናል። ጎርደን ለኦስካር በዋና ተዋናይነት ታጨ፤ በፊልሙም የሚታየው ኸርቢ ሃንኮክ በሙዚቃው ኦስካር ወሰደ።

ዘፋኝን ለመሥራት ሲሆን ጥያቄው መምሰል ወይም አለመምሰል ነው። ዳያና ሮስ በ1972 ቢሊ ሆሊደይን ስትሠራ የሆሊደይን ድምፅ አልቀዳችም፤ ዘፈኖቹን በራሷ ድምፅ ዘፍና ለኦስካር ታጨች። አንድራ ዴይ ደግሞ በ2021 በወጣው የሊ ዳንኤልስ ፊልም ሌላውን መንገድ ያዘች። የመድረክ ስሟን ከሆሊደይ ቅጽል ስም «ሌዲ ዴይ» የወሰደች ዘፋኝ ናት፤ ድምፁ እንዲሻክርላት ብላ ሲጋራ ማጨስ እስከመጀመር ደረሰች። ጎልደን ግሎብ አግኝታለች፤ እንዲህ ያለው ዋጋ ግን ከማንም ተዋናይ ሊጠበቅ አይገባም።

ፊትም የራሱ ታሪክ አለው። በ2016 ስለ ዘፋኟ ኒና ሲሞን በወጣው ፊልም ዞዊ ሳልዳና ቆዳዋ በሜካፕ ጠቆር ተደርጎ፣ አርቴፊሻል አፍንጫ ተደርጎላት ቀረበች። ሲሞን በጥቁር ቆዳዋና በአፍንጫዋ ምክንያት የደረሰባትን ንቀት ስትታገል የኖረች ሴት ናት፤ እነዚያኑ መልኮች በቀለም መቀባት ለብዙዎች ስድብ ሆኖ ተሰማ። ተቃውሞው ትክክል ነበር። ሳልዳናም በ2020 ይቅርታ ጠይቃ ሚናውን መውሰድ እንዳልነበረባት ተናግራለች።

ገንዘብም ምርጫውን ይገፋል። ቺድል የዴቪስን ፊልም ለመሥራት ከሕዝብ መዋጮ ጭምር ሰብስቧል፤ በታሪኩ ውስጥ በኢዋን ማክግሪገር የተሠራው ነጭ ጋዜጠኛ የገባውም ያለ ነጭ ተዋናይ ገንዘብ ማግኘት ስለማይቻል እንደነበር በግልጽ ተናግሯል።

ማመሳከሪያ ድምፅ ጨርሶ የሌለበት አንድ ሁኔታ አለ። የኒው ኦርሊንሱ ኮርኔት ነፊ በዲ ቦልደን ከጃዝ መሥራቾች የሚቆጠር ሲሆን ከ1907 ጀምሮ እስከ ሞተበት 1931 ድረስ በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ኖሯል። የተቀረጸ ሙዚቃው አልተገኘም። በ2019ኙ ፊልም ጋሪ ካር ሲሠራው ኮርኔቱን የነፋው ዊንተን ማርሳሊስ የቦልደንን ድምፅ በዘመኑ ከነበሩ ሰዎች ትዝታና ከእሱ በኋላ ከመጡት አጨዋወት ተነስቶ መገመት ነበረበት። ለተዋናዩም ቦልደን ከባንዱ ጋር ቆሞ የተነሳው አንድ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ብቻ ነበረው።