በ17 ዓመቷ ኮምፒዩተር የነካችው ሳምራዊት

አንዳንድ ሰው «አሁን በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ሌላው ደግሞ «እርሳስ የጨበጥኩት ዘግይቼ ነው፤ የትም አልደርስ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ውድ አንባቢዎች፣ በዚህ ሳምንት የምናወጋችሁ ዘግይታ ስለ ጀመረች አንዲት ሴት ነው። ስሟ ሳምራዊት ፍቅሩ ይባላል።

ሳምራዊት ያደገችው በአሰላ ነው። አሰላ በአርሲ፣ ስንዴና ገብስ በሚበቅልበት አገር የምትገኝ ከተማ ናት። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም የዚያው አገር ልጅ ነው። ሳምራዊት 17 ዓመት እስኪሆናት ድረስ በኮምፒዩተር ሠርታ አታውቅም ነበር። በኋላ አዲስ አበባ በሚገኘው በማይክሮሊንክ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኮሌጅ ገባች። ፕሮግራም መጻፍም ተማረች።

ለመሆኑ ፕሮግራም ምንድን ነው? ፕሮግራም ለኮምፒዩተር የሚጻፍ ትእዛዝ ነው። እረኛ ልጅን «በጎቹን አጠጣ። ከጠጡ በኋላ ወደ ቤት መልስ። ዝናብ ከመጣ ግን ቶሎ ግባ» እንላለን። ኮምፒዩተርም እንዲሁ በተራ በተራ ይታዘዛል። ልዩነቱ፣ እረኛው ያልነገሩትንም ያስባል። ኮምፒዩተሩ ግን አንዲት ምልክት ከተዘለለች ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ትእዛዙን የሚጽፍ ሰው ጠንቃቃ መሆን አለበት።

ሳምራዊት ሥራ ከያዘች በኋላ አንድ ችግር ገጠማት። ከሥራ ስትወጣ ሲመሽባት ወደ ቤት መመለሻ ታጣለች። ሰማያዊ የላዳ ታክሲዎች ነበሩ። ነገር ግን ዋጋቸው በክርክር ነው። ከመሸ ደግሞ ዋጋው ይወደዳል። ሴት ልጅ ለብቻዋ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር በጨለማ መሄድም ያስፈራታል።

በዚህ ችግር ብዙ ሰው ያማርር ነበር። ሳምራዊት ግን ከማማረር አልፋ መላ ፈለገች። በ2006 ዓ.ም. ገደማ ሃይብሪድ ዲዛይንስ የተባለ ድርጅት አቋቋመች። ድርጅቱም «ራይድ» የተባለውን የታክሲ መጥሪያ ሠራ። በአሜሪካ ኡበር የሚባል እንዲህ ያለ ድርጅት በ2001 ዓ.ም. ተቋቁሞ ነበር። አዲስ አበባ ግን አልመጣም። ስለዚህ የአገራችን ሰው ለአገራችን የሚስማማውን ሠራ።

ሥራው እንዴት ነው? በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት ከሰሜን ሸዋ በአውቶቡስ መጥተው ላምበረት መናኸሪያ ወረዱ እንበል። ጊዜው መሽቷል። ልጃቸው የምትኖረው ሲ.ኤም.ሲ ነው። ሲ.ኤም.ሲ ከየካ ተራራ በታች፣ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ከአንድ የኢጣልያ የግንባታ ኩባንያ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር በዚያ ያልፋል። ነገር ግን ሌሊት ባቡር የለም።

እኒህ እናት ስልካቸውን አውጥተው 8294 ይደውላሉ። ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ «የት ነዎት? ወዴት ይሄዳሉ?» ብላ ትጠይቃለች። ኮምፒዩተሩ በአቅራቢያ ያለውን መኪና ይፈልጋል። መኪናው የት እንዳለ የሚታወቀው በአሽከርካሪው ስልክ ነው። ስልኩ በሰማይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ይቀበላል። ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት ካገኘ ያለበትን ቦታ ያውቃል። ሒሳቡም በመንገዱ ርዝመት ይሰላል። ክርክር የለም።

8294 ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። በስልክ ቁልፎች ላይ ከቁጥሮቹ ጋር የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። በ8፣ በ2፣ በ9 እና በ4 ላይ ካሉት ፊደላት «ታክሲ» የሚለው ቃል ይወጣል።

ዘመናዊ ስልክ ያለው ሰው ሳይደውል በኢንተርኔት መጥራት ይችላል። የስልክ ጥሪው መኖሩ ግን ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ተራ ስልክ ነው ያለው። ኢንተርኔትም ይቋረጣል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያገለግለው መደወል ነው።

ይህ ሥራ ሁሉንም ሰው አላስደሰተም። የላዳ ባለታክሲዎች ገበያቸው ቀንሷል። ዋጋውም ከሚኒባስ ይበልጣል፤ ስለዚህ ድሃው ሁልጊዜ አይጠቀምበትም። ቢሆንም ሥራው ተስፋፍቷል። ሌሎችም ዛይራይድ እና ፈረስ የተባሉትን አቋቁመዋል።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። መኪናው ሲመጣ እኒያ እናት ምን ማድረግ አለባቸው? መጀመሪያ የተነገራቸውን የሰሌዳ ቁጥር ከመኪናው ሰሌዳ ጋር ማስተያየት ነው። ቁጥሩ ካልገጠመ መግባት የለባቸውም። ሲደርሱም ሒሳቡን አንብበው መክፈል አለባቸው። ሳምራዊት ፕሮግራሙን ጽፋለች። ሰሌዳውን የምናነብ ግን እኛው ነን። ቁጥር የማያነብ ሰው፣ መላው ሁሉ ተሠርቶለትም በሰው እጅ ይወድቃል። ቁጥር የሚያነብ ግን በጨለማም ቢሆን ራሱን ይጠብቃል።

ሳምራዊት በ17 ዓመቷ ስትጀምር ከእሷ በፊት የጀመሩ ብዙዎች ነበሩ። የዘገየችውን ጊዜ አልቆጠረችም። የሚቸግራትን ነገር ለይታ፣ በተማረችው ሠራችበት። እኛስ?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሳምራዊት የታክሲ መጥሪያ ለመሥራት ያነሣሣት ችግር ምን ነበር?

2. መኪና ውስጥ ከመግባታችን በፊት ምን ማንበብ አለብን? ለምን?

3. በቀበሌያችሁ ሁሉም የሚያማርርበት፣ ማንም ግን መላ ያልፈለገለት ችግር የትኛው ነው? በደብተራችሁ በሁለት መስመር ጻፉትና በሚቀጥለው ክፍል አንብቡት።