በራሱ ጉድጓድ ጋዝ የሚሠራው ሞተር

የነዳጅ መስክ ጋዝ ሞተር ከድፍድፍ ነዳጅ ጋር አብሮ የሚወጣውን የተፈጥሮ ጋዝ እያቃጠለ ፓምፕ ወይም የጋዝ መጭመቂያ (ኮምፕሬሰር) ያንቀሳቅሳል። ዕድገቱ በአብዛኛው ከአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ምዕራባዊ ክፍል ጋር የተያያዘ ነው።

ኤድዊን ድሬክ እ.ኤ.አ. በ1859 ታይተስቪል አጠገብ 21 ሜትር ያህል ቆፍሮ ነዳጅ ሲያገኝ የተጠቀመው በእንፋሎት ሞተር ነበር። ከዚያም በኋላ እንፋሎት ለብዙ ዓመታት መስኩን ይዞ ቆየ። ነገር ግን ቦይለሩ ውኃ፣ ማገዶና ከአጠገቡ የማይለይ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ እሳቱም ነዳጅ በሚተንበት ቦታ አደገኛ ነው። ጉድጓዶቹ አርጅተው ምርታቸው ሲያንስ ይህ ሁሉ ወጪ የማይቻል ሆነ። የሚያስቆጨው፣ ገበያ ያጣው ጋዝ በዚያው ጊዜ ወደ አየር ይለቀቅ ነበር።

ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ባለ አራት ምት ሞተሩን ሲሠራ መንገዱ ተከፈተ። ለነዳጅ መስክ የተስማማው ግን በይበልጥ ቀለል ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ ሐኪሙ ኤድዊን ፊቲያንና ጆን ካራዘርስ የእንፋሎት ሞተሩን ከነመሠረቱ ሳይጥሉ ለጋዝ የሚያውሉበትን ዘዴ ይዘው ተነሡ፤ ግሮቭ ሲቲ ላይ የተቋቋመው የቤሰመር ጋዝ ሞተር ኩባንያም የዚህ ፍሬ ነው። በዘዴው መሠረት ክራንክ ሻፍቱና ቮላኖው እንዳሉ ይቀራሉ፤ የእንፋሎቱ ሲሊንደር ብቻ ወጥቶ የጋዝ ሲሊንደር ይገባል። ማቀጣጠያው ከውጭ በነበልባል የጋለ ትንሽ ቱቦ ነው፤ ፒስተኑ የጨመቀው የጋዝና የአየር ድብልቅ ወደ ቱቦው ሲገባ ይቀጣጠላል። ካንዴላ ቱቦውን የተካው በኋላ ነው። አንድ ችግር ግን ነበር፦ የእንፋሎት ሞተር በቀላሉ ወደ ኋላ ይዞራል፣ የጋዙ ግን አይዞርም። ስለዚህ አቅጣጫ የሚቀይር ፍሪሲዮን ተጨመረለት። ይህ ከእንፋሎትና ከጋዝ የተዳቀለ ሞተር ለድሃ ጉድጓድ ባለቤት የተሠራ ብልህ መፍትሔ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ሞተር ለብዙ ጉድጓድ እንዲበቃም ተደረገ። ሞተሩ በመሬት ላይ የተንጣለለ፣ ማዕከሉን የሳተ ትልቅ ጎማ ያዞራል፤ ከጎማው የሚነሡ ረጃጅም ዘንጎች በየአቅጣጫው ተዘርግተው በየጉድጓዱ ያለውን ፓምፕ ይጎትታሉ። ጉድጓዶቹ ፊትና ኋላ ሲጣመሩ የአንዱ ዘንግ ሲወርድ የሌላው ስለሚወጣ ክብደቱ እንደ ሚዛን ይቻቻላል፤ ሞተሩ የሚሸከመው በአመዛኙ ልዩነቱንና ሰበቃውን ነው። በኦይል ሲቲ የጆሴፍ ሪድ ሞተሮች በዚህ ሥራ ስመ ጥር ነበሩ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መኪና ሲበዛ ጋዙ ራሱ ተፈላጊ ሆነ። ከጉድጓዱ አፍ የሚሰበሰበው ጋዝ ተጨምቆ ሲቀዘቅዝ ቤንዚን ይወጣዋል። ለዚህም ኮምፕሬሰር አስፈለገ። ጋዝ ሲጨመቅ ስለሚግል ከፍተኛ ግፊት ላይ በአንድ ጊዜ አይደረስም፤ ሥራው በደረጃ ይከፈልና በየመካከሉ ጋዙ ይቀዘቅዛል። የሞተሩና የመጭመቂያው ፒስተኖች በአንድ ክራንክ ሻፍት ላይ ሲሰደሩ ደግሞ ቀበቶና ጥርስ አላስፈለገም። ይህ ጥምር ማሽን ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ግን እጅግ ረጅም ዕድሜ አለው።

በ1833 በኦሃዮ፣ ማውንት ቨርነን የተመሠረተው ኩፐር ኩባንያ በ1929 ከቤሰመር ጋር ተዋሕዶ ኩፐር ቤሰመር ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የረጅም ርቀት ጋዝ ማስተላለፊያ መስመር ሲስፋፋ ግዙፎቹ ጥምር ማሽኖች በየጣቢያው ተተከሉ፤ ጋዝ በሰበቃ ግፊቱን እያጣ ስለሚጓዝ በየመንገዱ እንደገና መገፋት አለበት።

በ1966 እዚያው ማውንት ቨርነን የተቋቋመው አሪየል ኩባንያ ለሌላ አካሄድ መስፋፋት ትልቅ ድርሻ አበረከተ፦ ፈጣን ሞተርና ከእሱ የተለየ ኮምፕሬሰር በአንድ የብረት መደብ ላይ ይታሰሩና በጭነት መኪና ወደተፈለገው ጉድጓድ ይወሰዳሉ። የጉድጓዱ ምርት ሲቀንስ ማሽኑ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይተከላል።

የኋለኞቹ ሞተሮች አየር የበዛበት ድብልቅ እያቃጠሉ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጭሳቸውን ቀንሰዋል። ከጭስ ማውጫቸው ሳይቃጠል የሚያመልጠው ሚቴን ግን ገና አሳሳቢ ነው። በዚህም ምክንያት የኤሌክትሪክ መስመር በሚገኝበት ቦታ ኤሌክትሪክ ሞተር እየተካቸው ነው፤ መስመሩ በማይደርስበት መስክ ግን ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው በአብዛኛው ያው ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዝ ነው።